ሁለት ቫዮሊን፣ ሁለት መቶ ምት

ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጅ አለኝ። ጆሮው የሚገርም ነው፤ ዘፈኑ ገና ሲጀመር ጣቱን ትክክለኛው ኪይ ላይ ያሳርፋል፤ ሲሳሳት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ቤቱ ቁጭ ባልንበት፣ የሁለት ቫዮሊን ቅጂ በስልኬ አስደመጥኩት። ዐይኑን ጨፍኖ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማና፣

“ማይነር ነው” አለ።

“እርግጠኛ ነህ?”

“ምኑ ይጠየቃል? ለቅሶ ቤት እኮ ነው የወሰድከኝ።”

ከዚያ ኪቦርዱን ከፍቶ ድምፆቹን አንድ በአንድ ፈለጋቸው። ሁለቴ ሞከረ። ማይነር አልነበረም፤ ኤፍ ሜጀር ነው። ኪቦርድ የሚማር ልጅ ከሲ ሜጀር ቀጥሎ ከሚያውቃቸው ኪዮች አንዱ፣ አንዲት ጥቁር ቁልፍ ብቻ የምታስፈልገው፣ በመጽሐፍ ሕግ ከሄድን ደግሞ “ደስ የሚል” መሆን የነበረበት። ወዳጄ በጆሮው ስለሚኮራ ነገሩ ከነከነው። ምሽታችንም በዚሁ አለቀ።

ያስደመጥኩት የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የሁለት ቫዮሊን ኮንቼርቶ መካከለኛ ክፍል ነበር። ኮንቼርቶው ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በዲ ማይነር የሚሮጡ ናቸው፤ መሀል ላይ ያለው በኤፍ ሜጀር ዘግየት ብሎ ይሄዳል። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1730 ገደማ ላይፕዚግ ውስጥ ለተጫዋቾች የተገለበጡ ኖታዎች እስከ ዛሬ ተርፈዋል፤ ከፊሉ የራሱ የባኽ እጅ ጽሕፈት ነው። ስሙ ኮንቼርቶ ይሁን እንጂ መካከለኛው ክፍል የሁለት ሰው ጨዋታ ነው ብል ባለሙያ የሚቆጣኝ አይመስለኝም። ኦርኬስትራው ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከኋላ ቀስ እያለ ምቱን ይጠብቃል፣ ባሱ ከሥር ይራመዳል። ወሬው ያለው ሁለቱ ቫዮሊኖች ዘንድ ነው።

የሚጀምረው ደግሞ “ሁለተኛ” የተባለው ቫዮሊን ነው። ኤፍን ረዘም አድርጎ ይይዝና ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ባር፣ ማለትም ሁለት የዜማ ክፍልፋይ፣ ብቻውን ከተጓዘ በኋላ “አንደኛ” የተባለው ያንኑ ዜማ አምስት ደረጃ ከፍ አድርጎ፣ ከሲ ላይ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አንዱ ከላይ የነበረው ከታች ይገኛል፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል። በተራ ቁጥሩ ውስጥ ማዕረግ የለም።

ወዳጄ የተሳሳተው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ቃላችንን ማጥራት ይኖርብናል። እኛ “ቅኝት” ስንል ሁለት ነገር በአንድ እናነሣለን፤ አንዱ የድምፆቹን አሰላለፍ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንለው። ሌላው መሣሪያውን የመቃኘት ሥራ ነው። “ኪይ” የሚባለው ግን ከሁለቱ ትንሽ ይለያል። አዝማሪ መሰንቆውን እንደ ጉሮሮው ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ ትዝታው ግን ያው ትዝታ ነው። “ኤፍ ሜጀር” በሚለው ስም ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ “ኤፍ” ቤቱ የት እንደሆነ ይነግረናል፣ “ሜጀር” ከቤት ተወጥቶ ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ። ሐዘንና ደስታ የሚነሡት ከመንገዱ ነው ይባላል። ሜጀር ፀሐይ፣ ማይነር ደመና።

ይህን አባባል ለማፍረስ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሜጀር ትዝታ የሚባለው ቅኝታችን ከሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን አስወጥቶ የቀረው ነው። በመጽሐፉ ሕግ ደስ የሚል ዘፈን መሆን ነበረበት። ትዝታ ሰምቶ “እንዴት ያለ የደስታ ዜማ!” ብሎ የሄደ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ኪይ ብቻውን ስሜት አይሠራም። ስሜቱ ያለው ድምፆቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሚያደርጉት ላይ ነው።

በባኽ ዘንድ የሚያደርጉት ይህንን ነው። አንደኛው ቫዮሊን አንድ ድምፅ ይይዝና አይለቅም። በተያዘበት ቅጽበት ከታቹ ካሉት ድምፆች ጋር ተስማምቷል፤ ምንም ችግር የለም። ከዚያ ባሱ ይራመዳል፣ ሌላው ቫዮሊንም ይንቀሳቀሳል። ያ የተያዘ ድምፅ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል እንግዳ ይሆናል፤ አጠገቡ በአንዲት ደረጃ ብቻ የራቀ ድምፅ መጥቶበት ይፋተጋሉ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቤቱ የተሸጠበት ሰው በሉት። አላጠፋም፣ አልተነሣም፣ ነገር ግን ያለበት ቦታ የሱ መሆኑ ቀርቷል። ጥቂት ይቆይና አንዲት ደረጃ ወደ ታች ወርዶ ይስማማል። እፎይ ስንል፣ በዚያችው ቅጽበት ሌላው ቫዮሊን በተራው የያዘው ድምፅ ሥሩ ከድቶት ይገኛል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። እንግሊዞቹ ለዚህ ነገር “የተንጠለጠለ” የሚል ስም አላቸው፤ በኛ ቋንቋ “መንጠልጠል” ብንለው የሚከፋ አይመስለኝም።

ወዳጄ ለቅሶ ብሎ የሰማው ይህንን ነው። የሁሉም ግጭት መውጫ ወደ ታች ነው፤ ወደ ላይ የሚፈታ አይገኝም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ደረጃ ይወረዳል። መነሻው ዜማ ራሱ ቁልቁለት ነበር። እየወረደ የሚሄድ፣ ደግሞም ድምፁን ለመልቀቅ የሚዘገይ ነገር በየትኛውም ኪይ ቢጻፍ ትንሽ ይተክዛል። የኤፍ ሜጀር ሥራ ሌላ ነው፤ ትካዜው ምሬት እንዳይሆን ይጠብቀዋል። ዜማው ወደ ሲ ሜጀር ይሄዳል፣ የማይነር ጎረቤቶቹን ይጎበኛል፣ መጨረሻው ላይ ግን ቤቱ ኤፍ ነው። በፊትና በኋላ ካሉት ሁለት የዲ ማይነር ክፍሎች አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ ጥላ ሥር ማረፊያ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ፤ መንጠልጠሉ የሚሰማን ወይም የሚያመልጠን በሱ ነውና።

ባኽ የጻፈው መመሪያ “ላርጎ ማ ኖን ታንቶ” ይላል። ላርጎ በጣሊያንኛ ሰፊ ማለት ነው፤ ቀሪው “ግን ያን ያህል አይደለም” ማለት ነው። ሰፋ አድርጉት፣ ግን አታብዙት። ከዚህ በላይ ቁጥር አልተወልንም፤ ሊተውም አይችልም ነበር፤ ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም በሜልትሰል ስም የተመዘገበው በ1815 ነው፣ ባኽ በ1750 ካረፈ ከ65 ዓመት በኋላ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች “ያን ያህል” የሚለው ስንት እንደሆነ ራሱ ይወስናል።

እኛ አድማጮች ግን መቁጠር እንችላለን፤ የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓትና አንድ ማባዛት ነው። ክፍሉ 50 ባር አለው። በእያንዳንዱ ባር አራት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ምት ደግሞ በሦስት ይከፈላል። በሦስት የሚከፈል ምት ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ችክችካ ያሳደገው ጆሮ ነው፤ እዚህ ግን ችክችካው እንቅልፍ እንደያዘው አስቡት። 50 በ4፣ 200 ምት። ቅጂው 8 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 25 ምት ተጫውተዋል ማለት ነው። 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ከሆነ 30። 5 ደቂቃ ከ43 አካባቢ ከሆነ 35። በየመሀሉ መዘግየትና መፍጠን ስለሚኖር ይህ አማካይ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ይናገራል። በ25 አንዱ ምት 2.4 ሰከንድ ይቆያል፤ በ35 ወደ 1.7 ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። አንድ ድምፅ በጎረቤቱ ላይ የሚፋተግበት ጊዜ ሲሆን ግን ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ብዙ ነው፤ ጥርስ የታመመ ሰው ያውቀዋል።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ሁለቱን ዜማዎች በሁለት እጁ ሊሞክር ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለ። ድምፁ ፒያኖ ላይ ነበር። ጀመረ፤ ሦስተኛው ባር ላይ ሳይደርስ መፍጠን ያዘ። አስቆምኩት።

“ለምን ትሮጣለህ?”

“ይሞትብኛላ! የያዝኩት ድምፅ ይሞትብኛል።”

እውነቱን ነው። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ ጊዜ ጀምሮ እየከሰመ ነው የሚሄደው። ድምፁ ተይዞ ካልቆየ ግጭቱ አይደርስም፤ ባሱ ሲራመድ የሚያገኘው ሬሳ ነው። ስለዚህ እጅ ሳያስበው ይቸኩላል። የሚገርመው፣ ይኸው ነገር ባኽንም አጋጥሞታል። በ1736 ገደማ ይህንኑ ኮንቼርቶ ለሁለት ሃርፕሲኮርድ አዛውሮ ጽፎታል፤ ሃርፕሲኮርድ ደግሞ ክሩ ተቆንጥጦ ድምፁ ወዲያው የሚከስም መሣሪያ ነው። የሙሉውን ሥራ ኪይ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ከዲ ወደ ሲ ማይነር አወረደው፤ መካከለኛው ክፍልም ኢ ፍላት ሆነ። አናቱ ላይ ያለው “ላርጎ” ቀርቶ “አንዳንቴ” ተተካ፤ የሚራመድ ማለት ነው። ዜማው ያው ነው፤ መሣሪያው ድምፅ መያዝ ስላልቻለ ሰፊው ወደሚራመደው ተለወጠ። እኔ እንደማነበው፣ ስለዚህ ክፍል ፍጥነት ባኽ ራሱ የተወልን ትልቁ ፍንጭ ይኸው ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው መሣሪያው አንድን ድምፅ ስንት ጊዜ በሕይወት ማቆየት እንደሚችል ነው።

ወዳጄ የኪቦርዱን ድምፅ ከፒያኖ ወደ ስትሪንግ ለወጠው። ማንም ሳይነግረው ዘገየ።

በቫዮሊንም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በባኽ ዘመን የነበረው ደጋን ቀለል ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ረጅም ድምፅ ሲሳብበት አብጦ ይከስማል። ዛሬ የምናውቀው ደጋን ቅርጹን የያዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ድምፁን ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ማቆየት ይችላል። ስለዚህ በድሮው ደጋንና በጅማት ክር የሚጫወቱት የዛሬ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ፈጠን ይላሉ፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ታላላቆች ደግሞ ይዘገያሉ። እነዚህ የድሮውን መንገድ የሚከተሉት ቡድኖች መሣሪያቸውንም ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ፤ ኤ የሚባለው ድምፅ በዛሬው ልማድ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ እነሱ ዘንድ 415 ነው፤ ግማሽ ደረጃ ያህል ዝቅ ይላል። ከነዚህ ቅጂዎች አንዱን ብከፍትለት ወዳጄ “ይኼ ደግሞ ኢ ሜጀር ነው” አለኝ። ወረቀቱ ላይ ኤፍ፣ ኪቦርዱ ላይ ኢ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በሸክላ ዘመን የተቀዱት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሸክላው ላይ ፍጥነትና ኪይ አንድ ዘንግ ላይ ነው የሚዞሩት። ማጫወቻው ስድስት በመቶ ያህል ቢፈጥን ኤፍ ወደ ኤፍ ሻርፕ ይወጣል፤ 6 ደቂቃ ከ40 የነበረው ደግሞ ወደ 6 ደቂቃ ከ17 ይወርዳል። “78” የሚባለው የዙር ቁጥር መጀመሪያ ላይ እንደ ልማድ እንጂ እንደ ሕግ አልነበረም፤ አንዳንዱ ከዚያ ዝቅ፣ አንዳንዱ ከፍ ብሎ ተቀድቷል። ስለዚህ የድሮ ሸክላ ወደ ዲጂታል ሲዛወር አዛዋሪው ኪዩን በትክክል ካልያዘ ፍጥነቱንም አይዝም፤ የድምፁም ጠባይ አብሮ ይለወጣል። ያንኑ ሥራ ያንኑ ተጫዋች ይዛችሁ፣ በሁለት ዝውውር ሁለት ዓይነት ስሜት ልታገኙ ትችላላችሁ።

በዚያ ላይ የቦታ ጥበት አለ። የትልቁ ሸክላ አንድ ገጽ አራት ደቂቃ ተኩል ቢይዝ ነው። 200 ምት በአራት ተኩል ደቂቃ ለመጨረስ በደቂቃ 44 ምት መሄድ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሰፊ መባሉ ቀርቶ ሩጫ ነው። ወይ ይቆርጣሉ፣ ወይ ይቸኩላሉ፣ ወይ ለሁለት ገጽ ይከፍሉትና አድማጩ መሀል ላይ ተነሥቶ ሸክላውን ይገለብጣል። ፍሪትዝ ክራይስለርና ኤፍሬም ዚምባሊስት በ1915 ሲቀዱት ማይክራፎን እንኳ አልነበረም፤ ወደ ቀንድ መሰል የድምፅ መቀበያ ነበር የሚጫወቱት፤ ኦርኬስትራውም አራት ሰው ብቻ ሆኖ ነበር። በ1932 ፓሪስ ላይ የ16 ዓመቱ የሁዲ ሜኑሂን ከመምህሩ ከጆርጅ ኤኔስኩ ጋር ሲቀዳው ግን ማይክራፎን መጥቷል፤ ድምፁ ሥጋና ደም አለው። እዚያ ቅጂ ውስጥ ልጁ አንድ ነገር ሲናገር መምህሩ በትዕግሥት ተቀብሎ የሚመልስበት መንገድ ደስ ይለኛል።

ስለ ሃይፌትዝ አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። ያሻ ሃይፌትዝ በ1946 ሁለቱንም ቫዮሊን ራሱ ተጫወተው፤ መጀመሪያ አንዱን ቀዳ፣ ቀጥሎ ራሱን እየሰማ ሌላውን ጨመረበት። ጥራቱ አፍ ያስይዛል። ነገር ግን የዚህ ክፍል ነፍሱ አንዱ ሌላውን መጠበቁ ከሆነ፣ እዚያ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ቀድሞ የተቀዳው ቫዮሊን ቀጥሎ የሚመጣውን ሊሰማ አይችልም፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል። ራሱን የሚጠይቅና ራሱ የሚመልስ ሰው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን አጠገቡ መቀመጥ ያሳቅቃል። በ1961 ከተማሪው ከኤሪክ ፍሪድማን ጋር ዳግመኛ ቀድቶታል። በዚያው ዓመት ዴቪድ ኦይስትራክና ልጁ ኢጎር ለንደን ላይ ቀዱት፤ እኔ ለወዳጄ የከፈትኩለትም ይህንኑ ነበር። የአባትና የልጅ ድምፅ ተመሳሳይ፣ ወፍራምና ሙቅ ነው፤ የተያዘውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ያቆዩታል፣ ግጭቱንም አይፈሩትም። ለቅሶ ቤት ያስባለውም ይኸው ነው።

ሌላ አባትና ልጅ ደግሞ አሉ።

አርኖልድ ሮዜ ከ1881 ጀምሮ በቪየና ኦፔራና ፊልሃርሞኒክ የቫዮሊኖቹ መሪ ነበር፤ ሚስቱ የአቀናባሪው የጉስታቭ ማህለር እኅት ናት። ሴት ልጃቸው አልማ በ1906 ተወለደች፣ ቫዮሊንም ያዘች፤ በ1926 ቪየና ውስጥ ለሕዝብ ስትቀርብ ከአባቷ ጋር ይህንን ኮንቼርቶ ተጫውታለች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለሸክላ ቀዱት። አጨዋወቱ የድሮዋ ቪየና ነው፤ ጣት ክሩ ላይ ብዙ አይንቀጠቀጥም፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲያልፉ የመንሸራተት ድምፅ ይሰማል። ለዛሬ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ያዘነ ሰው አጨዋወት አይደለም፤ የሚከባበሩ ሁለት ሰዎች በጨዋ ደንብ ሲነጋገሩ ነው የምሰማው።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አርኖልድ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ። አባትና ልጅ ወደ ለንደን ወጡ። አልማ ግን ኑሯቸውን ለመደጎም ሆላንድ ሄዳ ስትጫወት ጦርነቱ እዚያው አገኛት፤ በፈረንሳይ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ለማምለጥ ስትሞክር በ1942 መጨረሻ ዲዦን ላይ ተያዘች። በ1943 ወደ አውሽቪትዝ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰደች፤ እዚያም የሴት እስረኞች ኦርኬስትራ መሪ ሆነች። ሚያዝያ 1944 በ37 ዓመቷ እዚያው ሞተች። አባቷ ለንደን ውስጥ በ1946 አረፈ።

ይህን ሸክላ ለወዳጄ የከፈትኩለት የመጨረሻ አድርጌ ነው፤ ስለ ማንነታቸው አንድም ነገር ሳልነግረው። ከሸክላው ጭርጭርታ ሥር ሁለቱን ቫዮሊኖች እየፈለገ ሰማ። “ይኼኛው ይሻላል” አለ፤ “ቀለል ያለ ነው፣ አይጎተትም። ኤፍ ሜጀርነቱ አሁን ነው የገባኝ።” ቡና እስኪፈላ ድረስ ታሪኩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣

“እስቲ ድገመው” አለ።

ደገምኩት። ሲያልቅ ወደ ስልኬ እየጠቆመ፣

“ቅድም ያሰማኸኝ ሌላ ነው። ይኼኛው ይዘገያል።”

ሰዓቱን አሳየሁት። ያው ቅጂ፣ ያው ደቂቃ፣ ያው ሰከንድ ነበር።